የባለቤቴ ጣውንት

ጥቅምት 6
ዛሬም ከጓሮው ዛፎች ሥር ገባሁ። የበሰበሰው ግንድ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ከረገፈው ቅጠል ውስጥ ሹልክ ብላ ወጣች። ጣት የምታህል እንሽላሊት... ቅባት የተቀባች ይመስል ታብረቀርቃለች። እግሯ ከማጠሩ የተነሣ እባብ ልትሆን ጀምራ የተወችው ትመስላለች። ምስጥ ለቀም አድርጋ ተመልሳ ገባች።
ቤት ስገባ ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና፣ “ጣውንቴ ደህና ናት?” አለችኝ።
“ካንቺ ትሻላለች። ሳትነዘንዝ ትበላለች።”
“ገና መች አገባሃትና!”
ሳቀች። ሳሉ ግን አላስጨረሳትም።

ጥቅምት 14
ልጃችን መጣ። ቀልድ እሱን ዘሎ ለልጆቹ ነው የተረፈው። “አባዬ፣ እማዬ እንዲህ ሆና አንተ ጣውንት ምናምን እያልክ ትቀልዳለህ?” አለኝ በረንዳው ላይ።
ስለ ምን ላውራ ታዲያ? ስለ ሳሉ?

ጥቅምት 19
ምግብ እምቢ አለች። “ጣውንትሽ ጥርግ አድርጋ በላች፤ ልትሸነፊ ነው?” አልኳት። አንድ ማንኪያ ሾርባ ዋጠች። ለኔ ብላ...

ጥቅምት 23
ሄደች።

ጥቅምት 28
ቤቱ ሰው ሲገባ ሲወጣበት ሰነበተ። ወደ ጓሮ የወጣሁት ዛሬ ነው።
ልጄ፣ ለለቀስተኛው መቀመጫ ብሎ፣ የዛፎቹን ሥር ሙልጭ አድርጎ ጠርጎታል። ቅጠሉን አቃጥሎታል። ግንዱን ፈልጦ አብሮ አንድዶታል።
“ጸዳ አይደል፣ አባዬ?” መዳፉ ውኃ ቋጥሯል።
ምን ይባላል? “ተባረክ” አልኩት።
እርጥብ ቅጠል ከሌለ መግቢያ የላትም። ፀሐይ ያደርቃታል፣ ወፍ ይለቅማታል። ሸሽታ ይሆን? ወይስ እሳቱ...

ኅዳር 5
ጠዋት ጠዋት ቅጠል እየሰበሰብኩ እመልሳለሁ። ጎረቤቴ በአጥር በኩል፣ “እንዴ አባባ! ሰው ይጠርጋል፣ እርስዎ ይበትናሉ?” አለችኝ። አንድ እቅፍ ጨምሬ በተንኩ።

ኅዳር 12
ጉንዳን ብቻ። ቤት ገብቼ “ጣውንትሽ ጠፋች” ልል አፌን ከፈትኩ... አልጋው ተነጥፏል።

ኅዳር 19
ልጄ ተንበርክኬ ቅጠል ስበትን ደረሰብኝ።
“ምን ጠፍቶህ ነው?”
“የእናትህ ጣውንት፣ ግንዱ ሥር የምትኖረዋ።”
ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ሻይም ሳይቀምስ ሄደ።

ኅዳር 21
ማለዳ መኪና ሲቆም ሰማሁ። ልጄ ከጫካ የበሰበሰ ግንድ፣ ከነዛፍ ሽበቱ፣ ጭኖ መጥቷል። ልብሱ ጭቃ በጭቃ። እየጎተተ አምጥቶ ከቦታው አጋደመው። ከዚያ ወደኔ ሳያይ፣ “የእንጀራ እናቴ ከተመለሰች... ቤቷ ነው በላት” አለ።
እሱ! በዕድሜው አንዲት ቀልድ ያልወጣው!
ሳቅኩ። ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። እሱም ፊቱን አዞረ።
ግንዱ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቅጠሉን ስናይ አረፈድን።
አልወጣችም።