እትዬ ብልቃጥ፦ ሠላሳ ስምንት ዓመት በላቦራቶሪ

እትዬ ብልቃጥ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ የተወለደችውን ታናሽ እህታቸውንም እናታቸው ለማዋለድ በወጡ ቁጥር አዝለው ያሳደጉ እርሳቸው ናቸው።

ቀለም የዘለቃቸው ተማሪ ስለነበሩ በኬሚስትሪ ተመርቀው በሃያ ሁለት ዓመታቸው በመዋቢያና በሕክምና ናሙና መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። የፊት ክሬሙ፣ ሻምፑው፣ የሕፃናት ፓውደሩ፣ የሕመምተኛው ደምና ሽንት ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ሠርግ ቤት እንኳ ሙሽራዋን ከማድነቃቸው በፊት የተቀባችውን ነገር ዕቃ ገልብጠው ያነቡ ነበር። ባለቤታቸውን የተዋወቁት እኚሁ ሰው የላቦራቶሪውን ፍሪጅ ሊጠግኑ ሲመጡ ነው። ፍሪጁ የተበላሸው አንዴ ነው፤ ጠጋኙ ግን አራት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሁለት ወንዶች ልጆችም አፈሩ።

ላቦራቶሪው ናሙና የሚቀበለው የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ፣ በቁጥር ብቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. ግን አንድ የፊት ማቅያ ክሬም ሲከፍቱ በጠረኑ አወቁት። ታናሽ እህታቸው በውበት ሳሎኗ እየቀላቀለች የምትሸጠው ነበር። ደንቡ ባለቤቱን ያወቀ መርማሪ ከምርመራው እጁን ያንሣ ይላል። «ይሄን ሌላ ሰው ይሥራው፤ የእህቴ ነው» ብለው ለባልደረባቸው ሰጡ። እህትየዋ ከነጋዴ የገዛችው ዱቄት ሜርኩሪ ኖሮበት ሳሎኑ ታሸገ። «አውቀሽ ሳትነግሪኝ!» ብላ በሯን ዘጋችባቸው።

እትዬን እንቅልፍ የነሳቸው ያንን ክሬም ስትቀባ የኖረችው የእህታቸው ልጅ ነበረች። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ የሽንት ብልቃጥ ይዘው በሩን ያንኳኩ ጀመር። «እኔን ጥይኝ፤ የልጅቷን ሽንት ብቻ ስጪኝ» ይላሉ። ስምንት ቅዳሜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በዘጠነኛው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ራሷ ወጥታ ብልቃጡን ተቀበለቻቸው፤ ሞልታም መለሰችላቸው። ያንንም ለባልደረባቸው ነው የሰጡት፤ ደንብ ደንብ ነው። ሜርኩሪው ከልክ በላይ ነበር። ሐኪም ዘንድ ወስደው አሳከሟትና ዳነች። እትዬ ብልቃጥ የሚለውን ስም ያወጣችላቸውም እርሷ ናት።

በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በልብ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ደማቸውን የምትቀዳውን ነርስ «ቁጥሩን በትክክል ጻፍሽ?» ማለታቸውን ሳይተዉ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ያቺ የዳነች ልጅና አንድ እህታቸው በሐዘን ላይ ናቸው።

ይህን የጻፍኩት በር የዘጋሁት እህት ነኝ። ታርቀን ኖረናል፤ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ግን «ልጅቷ እንዴት ናት?» ብለው ወሬ ይለውጡብኝ ነበር። ዛሬ ወሬ የሚለውጥብኝ የለም። እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ፈጣሪ በምሕረቱ ያሳርፍሽ።