ከጉንፋን ጋር ጎሪላ አይታይም

ሆሳዕና፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ከሁሉ በፊት ይህን ተረጂልኝ፦ ጉዞውን አልተውኩትም፤ ግን ጉንፋን ይዞኛል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ ጎሪላ አጠገብ አይደርስም። ቀሪው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ትንሿ ልጅሽ መናገር ጀመረች ወይ? በየትኛው ቋንቋ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ይብስባታል እንጂ ሌላ የለባትም። ስልክ ላይ ማውራት ስለማልችልበት ጽፌአለሁ። የአጎትሽ ልጅ ረምላ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች።

ከዩጋንዳ የላክሽልኝን የጎሪላ ጉብኝት መመሪያ ወረቀት አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያላሟላሁት የለም። እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ለሳማው ወፍራም ጓንት፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ገዝቻለሁ። የሆሳዕና ዳገት ስላልበቃኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሺንሺቾ እየሄድኩ በእንሰት ማሳ መሃል ሽቅብ ስወጣ ሁለት ወር ሆነኝ። ጉንዳን እንዳይገባ የሱሪዬን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ነው የምሄደው። ጫማ የምትሸጠው ሙኒራ ስታየኝ፣ ጋሼ፣ ጎርፍ መጣ እንዴ አለችኝ።

አጎትሽ ሙክታርማ ያቃጥላል። ዝንጀሮ ለማየት በአውሮፕላን ይኬዳል ወይ፣ ቦኖሻ ሄደህ በቆሎዬን ጠብቅልኝና በነፃ ታያለህ ይላል። ጎሪላ ዝንጀሮ አይደለም፣ ጭራ የለውም ብዬ ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። እንግዲያው ዘመድህ ነው፣ ሄደህ ጠይቀው አለኝ።

ጥፋቱ የእሱ ነው። ለማንም አትንገር ያልኩትን ጉዞ መስጊድ በር ላይ አወራው። መመሪያው ከታመመ ሰው ራቁ ስለሚል እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ቤት እንኳ ከበር ነበር የምመለሰው፤ ሰው ታዝቦኛል። ያለፈው ሳምንት ዓርብ ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሊያደርጉልኝ መጥተው ቤቱን ሞሉት። አባ ቃሲም ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ ሳል እያጣደፋቸው መጡ። አጎንብሼ ራሴን ሰጠኋቸው። ግንባሬንም መዳፌንም እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ፤ በሰላም ግባ፣ ከአውሬው ይሰውርህ አሉ። ምን ልበል? የመመሪያው ተራ ቁጥር ሁለት ትዝ ብሎኛል፤ ግን ሲመርቁኝ ፊቴን ማዞር አልተማርኩም። ሰኞ ማሳል ጀመርኩ።

እናትሽ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እያፈላች ታጠጣኛለች። ሙክታር፣ እዚያ ስትደርስ ሳልህን ዋጥ አድርጋት፣ ጎሪላው ዶክተር አይደለም ይላል። የእኛ ጉንፋን እነሱን ሊገድላቸው እንደሚችል ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሚኮርጅ ተማሪ ከፈተና ሳስወጣ ኖሬ፣ በስተርጅና ለአንድ ሰዓት እይታ ብዬ አላጭበረብርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የጫካው ቀን ግንቦት 24 ነው፣ አይዛወርም። እስከዚያ ካልተሻለኝ ጫካው ቀረ ማለት ነው። ያወጣሽልኝን የጉዞ ፕሮግራም እንደገና አየሁት። ከአየር ማረፊያ ወደ ጫካ፣ ከጫካ ወደ አየር ማረፊያ ይላል። ጫካው ሲሰረዝ የሚቀረው አየር ማረፊያ ብቻ ነው። እናትሽ የዛሬ ሁለት ዓመት ስትመጣ ቤታችሁ ሦስት ወር ተቀምጣለች። አልወቅስሽም፤ ካገባሽ ጀምሮ ስለ ባለቤትሽ ጠይቄሽ አላውቅም። ፕሮግራሙን የማወጣው እኔ ብሆን እኔም እንዲሁ አወጣው ነበር።

የጉዞ ቅጹ ላይ ደግሞ የሚቀበልዎት ሰው ሙሉ ስም የሚል አለ። የባለቤትሽን ልጽፍ ብዕር አነሳሁና የአባቱን ስም እንደማላውቀው ገባኝ። እናትሽን ብጠይቃት፣ ካገባች ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ አለችኝ። ቦታው አሁንም ባዶ ነው።

አላህ ቤትሽን ያሙቅልሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ። ባለቤትሽንም ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅልሽ፤ ይህን ዱዓ ለሁለታችሁም ነው የማደርገው፣ ዘግይቼም ቢሆን።

ሙሉ ስሙን ላኪልኝ። ጎሪላውን ባላይም ልምጣ ወይስ አልምጣ፣ በግልጽ ጻፊልኝ። እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ፤ እባክሽ መልሱን አታዘግዪብኝ።

አባትሽ