ሁለት ካርድ በአንድ ስፒል፦ የሲስተር ጵርስቅላ ጠና የሕይወት ታሪክ (1932–1982 ዓ.ም.)

ሲስተር ጵርስቅላ ከአባታቸው ከአቶ ጠና ሳህሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አባይነሽ ኤርጫፎ በኅዳር ወር 1932 ዓ.ም. በሆመቾ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሆሳዕና ተከታትለው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወደሚገኝ የነርሶች ማሠልጠኛ ገቡና በ1953 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቁ። ሴት ልጅ ከቤት ርቃ ስትማር በክፉ ዓይን በምትታይበት ዘመን ዲፕሎማቸውን ይዘው ወደ አገራቸው መመለሳቸው የመጀመሪያው ድላቸው ነበር።

በ1956 ዓ.ም. የዶዮገና ተወላጅ ከሆኑት መምህር ሽብሩ ቸኮል ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ልጆች፣ ገነቴንና ተገኘን፣ አፍርተዋል። በዱራሜ ለበርካታ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ወደ አዲሎ ጤና ጣቢያ ተዛወሩ። ስማቸው የገነነበትን ሥራ የሠሩት እዚያ ነው።

በዚያ ጊዜ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ የሚወጣው ኪንታሮት ስሙ የማይጠራ ሕመም ነበር። የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት በየመንደሩ ፔኒሲሊን ይወጋል፣ የቁልቋል ወተት ይቀባል፣ ሲብስም በምላጭ ይቆርጠዋል። ሲስተር ጵርስቅላ ቁስሉን እያጠቡ ሕመሙ በዓይን ከማይታይ ቫይረስ እንደሚመጣ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከቆዳ ወደ ቆዳ እንደሚተላለፍ፣ ፔኒሲሊንም ምንም እንደማያደርገው በትዕግሥት ያስረዱ ነበር። ቂጥኝም ይህን የመሰለ እባጭ ስለሚያወጣ አስቀድመው ደም ያስመረምራሉ። ባለትዳር ሰው ብቻውን ሲመጣ ደግሞ ካርዱን ከፍ አድርገው ያሳዩትና፣ «ይህ ካርድ ብቻውን ማደር ይፈራል፤ ጓደኛውን አምጣለት» ይሉት ነበር። የባልና የሚስትን ካርድ በአንድ ስፒል አያይዘው በሚቆለፍ መሳቢያ ያኖራሉ። ቁልፉን ለማንም አይሰጡም፤ ለባለቤታቸውም ጭምር።

በ1973 ዓ.ም. የሆነው ግን ከሁሉ ይበልጣል። የአዲሎ ነጋዴና የጭነት መኪና ባለቤት የሆኑት አቶ ጀማል ሁሴን በአምስት ወር ነፍሰ ጡር ባለቤታቸው በወይዘሮ ሩቂያ ኑሪ ላይ ይህ ኪንታሮት መውጣቱን ባወቁ ጊዜ፣ «ከሌላ ወንድ ያመጣችው ነው፤ ፅንሱም የእኔ መሆኑን አላምንም» ብለው ወደ አባቷ ቤት መለሷት። ነገሩ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ሲስተር ጵርስቅላ የወይዘሮ ሩቂያን ፈቃድ ጠይቀው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ከሸንጎው መሐል ቆሙ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይህ የወንዶች ሸንጎ ነው» አሏቸው።

«አባቴ፣ በሽታው ግን የወንድም የሴትም ነው» ሲሉ መለሱ። ቀጥለውም ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ እንደሚችል፣ ስለዚህ ኪንታሮቱ ዛሬ ስለወጣ ትናንት ተያዘች ማለት እንደማይቻል ተናገሩ።

አቶ ጀማል ተቆጡ። «እኔ ንጹሕ ነኝ፤ ምንም የለብኝም!»

«ማን አይቶልህ?»

«ራሴ ነኛ!»

«ጀማል ወንድሜ፣ አንተ ከመኪናህ ሥር ያለውን ለማየት እንኳ መካኒክ ትጠራለህ።»

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ፤ ሰብሳቢውም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከዚያም ባልየው ሳይመረመሩ ፍርድ እንዳይሰጥ ወሰኑ። በማግሥቱ የጤና ጣቢያው ወንድ ጤና ረዳት ሲመረምራቸው፣ አቶ ጀማል በገዛ ዓይናቸው ሊያዩት በማይችሉት ቦታ ሦስት ትንንሽ ኪንታሮቶች ተገኙባቸው። እኚህ ሰው በዚህ ጊዜ ያደረጉት ሊመሰገን ይገባል። ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ከጋብቻ በፊት በመንገድ ሕይወታቸው ያልተገባ ነገር ማድረጋቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ። ሲስተር ጵርስቅላ ግን፣ «ማን ለማን እንዳስተላለፈ ምርመራ አይነግረንም። እኔ የማውቀው ሁለቱም መታከም እንዳለባቸው ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ለአቶ ጀማል በኪንታሮቱ ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ቆዳ በቫዝሊን ሸፍነው ፖዶፊሊን የተባለውን እባጩን የሚያቃጥል መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ ቀቡላቸው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ እንዲታጠቡም አዘዙ። የቤተሰቡ ሴቶች፣ «ለእሷም ቀቢያትና ከመውለዷ በፊት ትገላገል» እያሉ ቢወተውቱም መድኃኒቱ ፅንስ ስለሚጎዳ እንቢ አሉ። ተሰደቡ፣ አድልተሻል ተባሉ፤ አልተበገሩም። ወይዘሮ ሩቂያን በየሳምንቱ ሲከታተሉ ቆይተው ራሳቸው አዋለዷት። ከወሊድ በኋላ ኪንታሮቱ እየከሰመ ሄደ፤ የቀረውም በሆስፒታል ተተኩሶ ተነሣ። ሕፃኗ ሀሊማ ጤነኛ ሆና ተወለደች። ኪንታሮቱ አቶ ጀማል ላይ ከሦስት ወር በኋላ ሲመለስም አልደነገጡም፤ መድኃኒቱ እባጩን እንጂ ቫይረሱን እንደማያጠፋ፣ ስለዚህ ሊመለስ እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበርና።

ከዚያ ወዲህ በአዲሎ ባልና ሚስት ተያይዘው መምጣት ጀመሩ። ሲስተር ጵርስቅላ ከጋብቻ በፊት መታቀብ፣ ከጋብቻ በኋላም መተማመን ቀዳሚው መከላከያ መሆኑን ሳይሸፋፍኑ ያስተምሩ ነበር። ይህን መጠበቅ ላልቻለ ኮንዶም ይሰጣሉ፤ ኮንዶም የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ አደጋውን እንደሚቀንስ እንጂ ጨርሶ እንደማያስቀርም ይነግሩታል። ማንንም አሳፍረው አልሸኙም።

በ1981 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተይዘው በሆሳዕናና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ሥራ በለቀቁበት ቀን የመሳቢያውን ቁልፍ በተኳቸው ነርስ መዳፍ ላይ አስቀምጠው፣ «ስፒሎቹን እንዳትነቅይ» አሏት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ሲቀር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

ምስጢር ጠባቂ የነበሩ ሰው የሕይወት ታሪክ የሰው ምስጢር ሊያወጣ አይገባውም። የአቶ ጀማልና የወይዘሮ ሩቂያ ታሪክ በስማቸው የተነበበው ራሳቸው ለቅሶ ቤት መጥተው ስለጠየቁ ነው። ወይዘሮ ሩቂያ፣ «ስሜ የጠፋው በገበያ መሐል ነው። ያቀናችልኝ እሷ መሆኗም ሰው በተሰበሰበበት ይነገርልኝ» ብለዋል። እነሆ ተነገረ። ሁለቱም ከስምንት ዓመት ልጃቸው ከሀሊማ ጋር ከዚህ መቃብር አጠገብ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ሲስተር ጵርስቅላ ባለቤታቸውን መምህር ሽብሩን፣ ልጆቻቸውን ገነቴንና ተገኘን፣ ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። የሰውን ኀፍረት የሸፈኑትን እኚህን እናት ጌታ በክብሩ ይሸፍናቸው፤ የጠበቁትን እንደጠበቁ፣ ነፍሳቸውን እርሱ ይጠብቅልን። አሜን።