በውድድሩ ዋዜማ የሰጡኝ ቀንበጥ

ለተከበሩ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? ስንዴው እንዴት ይዟል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ኮምቦልቻ አለሁ፤ ሰላም ካሉት ነው። ስደውል ስለማያነሱልኝ ይህን ደብዳቤ ወደ ገራዶ ለሚመጣ የሚኒባስ ሹፌር ሰጥቻለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄን ከተማ አበላሻት፣ መድኃኒት እየወሰደች ነው የምትቀዝፈው እያሉ መሆኑን ሰማሁ። ደሜ ፈላ! ሌላው ቢለኝ እችለው ነበር። እርስዎ እንዴት ይላሉ? ያን ቀን ከእኔና ከእርስዎ ሌላ እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ነበረ?

በውድድሩ ዋዜማ ሊመርቁኝ ብለው ሐይቅ ድረስ መጡ። ከዐስር ሶላት በኋላ የቀዘፋ ክለባችን ባሳደረን ቤት ተቀምጠው ዱዓ አደረጉልኝ፤ እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን እል ነበር። ከዚያ ከነጩ መሐረብዎ ሁለት ቀንበጥ አውጥተው፣ ቢስሚላህ ብለሽ ብዪ፣ በረካ ነው አሉኝ። ጫት መሆኑን አይቻለሁ፣ አልክድም። ከሐጅ ሲመለሱ መስጊድ በር ላይ ቆመው ወጣቱን ሁሉ እኔ ትቻለሁ፣ እናንተም ተዉ ያሉት ሰው እጅ ላይ ጫት ሳይ ደነገጥኩ። ግን በዱዓ መሐል የአባትን እጅ እንዴት ብዬ ልመልስ? አኝኬ ዋጥኩት።

በማግስቱ ካያክ በሚሏት ቀጭን ጀልባ በሁለት መቶ ሜትር አንደኛ ወጣሁ። ልብሴ ሳይደርቅ አንዲት የአበረታች መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሴት እስከ መጸዳጃ ቤት ተከትላኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ሽንቴን አስቀዳችኝ። ቅጹ በዚህ ሳምንት መድኃኒት ወይም ሌላ ነገር ወስደሻል ወይ ይላል። የለም ብዬ ፈረምኩ። ዋሽቼ አይደለም፤ እኛ ዘንድ በረካን ከመድኃኒት ጋር የሚቆጥር ማን አለ? አሁን ግን ያቺ ፊርማ አንገቴ ላይ ገመድ ሆነች። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር በውድድር ጊዜ ክልክል ነው፤ ከሽንቴም ተገኘ። ለማረጋገጫ የተቀመጠው ሁለተኛው የሽንቴ ጠርሙስም ተከፍቶ ያንኑ ተናገረ።

አሰልጣኛችን ሙንዚር ስንት ጊዜ ነግሮን ነበር። ወደ ሰውነታችሁ ለሚገባው ሁሉ ኃላፊዎቹ እናንተ ናችሁ፣ ሐኪም ቢሰጣችሁም እናት ብታጎርሳችሁም አላወቅኩም ማለት አያድንም ይለን ነበር። ስለዚህ በሕጉ አልቆጣም፤ አፉ የእኔ ነው። ሕጉ እንዲያውም አንድ በር ትቶልኝ ነበር። እንዴት እንደገባ ካስረዳሁና የሰጠኝ ሰው ከመሰከረልኝ ቅጣቱ ይቀልልኝ ነበር። ሙንዚር ይህንኑ ሊነግርዎ ደወለ። ጫት ቤቴ ገብቶ አያውቅም፣ ወላሂ አሉት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለሁለት ቀንበጥ በአላህ ስም ማሉ፣ አባቴ።

ማክሰኞ ጉዳዩን የሚሰሙት ሰዎች ደሴ ፒያሳ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። እርስዎን ብጠብቅ እናቴ መጣች። ለእርስዎ ገበያ እሄዳለሁ ብላ ነበር የወጣችው። ወንዶች በተሰበሰቡበት ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ብድግ ብላ፣ ጫቱን ያጎረስኳት እኔ ነኝ፣ በእኔ ስም ጻፉት አለቻቸው። ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ። እናቴ በዕድሜዋ ጫት ቀምሳ እንደማታውቅ እኔም እርስዎም እናውቃለን። ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛ፣ እኔን ላለማየት መሬት መሬት ታይ ነበር።

አልቻልኩም። እናቴ አልሰጠችኝም፣ ይሰረዝ ብዬ ተነሣሁ። ታዲያ ማን ሰጠሽ አሉኝ። ሙንዚር ከኋላ ልብሴን እየጎተተ ተናገሪ፣ ተናገሪ ይለኛል። እጄን ዘርግቼ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ የሰጠኝን ግን አልናገርም አልኳቸው። ሁለት ዓመት እንዳልወዳደር ቀጡኝ። ሜዳሊያውንም መለስኩ።

እናቴን ስለዚህ ነገር አንዲት ክፉ ቃል እንዳይናገሯት። ቁጣዬ ገና ስላልበረደ ለዒድ አልመጣም፤ መጥቼ ፊትዎን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ይግባኝ ለማለት ሃያ አንድ ቀን ተሰጥቶኛል። ሐሳብዎን ከቀየሩ የሙንዚር ስልክ ያው በፊት የደወለልዎ ቁጥር ነው።

አላህ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ሐጅዎንም ይቀበልልዎ።

ልጅዎ