ጋሪ የማያልፍበት መንገድ ስለተሠራልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ደምለው ውበቴ
የከተማ ፕላን ባለሙያ
ሞጣ

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የሞጣ አየር ተስማማዎት? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም እግርዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን፤ እግር ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ለእኛ ለቢቸናዎች እንደ እርስዎ ያስተማረን የለም። እኔ ገበያው ዳር ልብስ የምሰፋው ፈንታነሽ ነኝ። በሕዝብ ተሳትፎና በዘላቂ ትራንስፖርት ባስመዘገቡት ውጤት ዕድገት አግኝተው መዛወርዎን ስሰማ፣ እንኳን ደስ አለዎት ሳልል ብቀር ነውር መሰለኝና ይህን ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ስለ ስብሰባው ላመስግንዎ። ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ የእግረኛና የብስክሌት ብቻ እንዲሆን ሲያስቡ እኛን ሳያማክሩ አልቀሩም፤ አዳራሽ ጠርተው፣ የታሸገ ውሃ አስቀርበው፣ ግሪን ሞቢሊቲ ስለሚሉት ጭስ የሌለው ጉዞ እስኪበቃን አስረድተውናል። እኛ ሳንናገር ሰዓቱ አለቀና የደብራችን ቄስ መምሬ እንዳለው ለመዝጊያ ተነሥተው ከተማችንን ይባርክ፣ ልጆቻችንን ያሳድግልን ብለው መረቁን፤ እኛም እንደ ወጉ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አሜን አልን። በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ ነዋሪው ዕቅዱን በሙሉ ድምፅ ማጽደቁ ተለጥፎ አነበብን። እሰይ! ምርቃት ሰምቶ ዝም የሚል ሰው እዚህ አገር ስለሌለ፣ ከእንግዲህ የሚመጣውን ዕቅድ በምን አፋችን እንደምንቃወም እንጃ።

ሁለተኛ፣ አረንጓዴ የተቀባው የብስክሌት መንገድ እጅግ ያምራል። ለምረቃው ዕለት በፒክአፕ ተጭና መጥታ በፒክአፕ ከተመለሰችው በቀር ብስክሌት አላየንበትም፤ አህዮቹ ግን ወድደውታል፣ እግዜር ይስጥልን።

ሦስተኛው እንደነዚህ አያስቅም። በመንገዱ ጫፍና ጫፍ ያስተከሉት የብረት ቋሚ ጋሪም ባጃጅም አያሳልፍም። የልጄ የስርጉት ቀኝ እግር ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታዘዝላትም፤ ይታያል የሚባለው ባለጋሪ ነበር በየጠዋቱ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ የሚያደርሳት። ፈረስ ነዳጅ እንደማይጠጣና ጭስ እንደማያወጣ ለእርስዎ ማስረዳት ለእኔ ድፍረት ነው። አሁን ቋሚው ዘንድ ያወርዳታል፤ ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፣ በሌላ በኩል እንዳንዞር ወንዙ አለ። በምርኩዝ ሞከረች፤ ዝናብ በጣለ ቀን ወደቀች። ከዚያ ወዲህ አዝላት ጀመር። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ያደገች ልጅ፣ ጓደኞቿ እያዩ በእናቷ ጀርባ! ምን ይሰማታል ብለው ያስባሉ? ሰሞኑን አልሄድም ብላ ቤት ቀርታለች። ማስገደድ አልቻልኩም፤ ብችል እንኳ ወገቤ እሺ አይለኝም። ሐኪም እሆናለሁ ትል ነበር፣ አሁን እሱንም አታነሣውም።

እርስዎን የተኩት ወጣት ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ደግ ልጅ ናቸው፣ ወንበር ሰጡኝ። ሕዝብ ያጸደቀውን አንድ ግለሰብ ሊሽረው አይችልም ብለው በትሕትና ሸኙኝ። ያጸደቀው ሕዝብ ውስጥ እኔ እንዳለሁበት ብነግራቸው፣ እንግዲያማ የራስዎ ውሳኔ ነው አሉኝ። ታዲያ ማን ዘንድ አቤት ልበል? እጄን አጣጥፌ ከመቀመጥ በቀር የማውቀው የለም፤ ለእርስዎ የጻፍኩትም መላ ያመጣሉ ብዬ ሳይሆን ዝም ማለቱ ስላነቀኝ ነው።

በሞጣም የሚያሠሩት መንገድ እንደኛው ያማረ፣ የሚሄዱበትም ሁሉ ሁለት ደኅና እግር የታደሉ እንዲሆኑ ከልብ እየተመኘሁ፣ ላደረጉልን ሁሉ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣

ፈንታነሽ ስጦታው
ቢቸና

ማስታወሻ፦ መንገዱ መግቢያ ላይ “በእግሯ የምትሄድ ከተማ” የሚል ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ዳገቱን የምትወጣው ሴት እኔ ነኝ፤ የታዘለችው ስርጉት ናት። ማን እንዳነሣን አላየሁም። ያው ባነር ሞጣም ሊሰቀል ነው አሉ። ቋሚው አይነሣም ከተባለ ይቅር። እባክዎ፣ የእሷን ፊት ብቻ ይሸፍኑልኝ፤ የእኔ ይታይ።