ሰፊው ስክሪን

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዓይኔን ስለሚያቃጥለኝ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ዛሬ ጠዋት ሰፊ የኮምፒውተር ስክሪን፣ ለሰው ማመልከቻ እስከምጽፍባት ጽሕፈት ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። «ሞክሪው፣ ካልተስማማሽ ነገ እወስደዋለሁ» አለኝ። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ሲታየኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ከሰዓት ጎረቤቴ አዴ ዘሃራ የፍቺ አቤቱታ ልታጽፍ መጣች። በጆሮዬ እያንሾካሾከች ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ባሏ እንዴት እንደሚደበድባት ስጽፍ፣ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ፣ «አቦ እትዬ፣ ቀስ በይ እንጂ! ያቺን መስመር አንብበን አልጨረስናትም» አይል መሰላችሁ! አግዳሚው ሙሉ ሳቀ።

«እናትህ ብትሆን ትስቅ ነበር?» ብዬ ጮህኩበት። አዴ ዘሃራ ግን ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ወጥታ ነበር። ተከትዬ ብጠራት ዞራም አላየችኝ።

አሮጌዋን ትንሽ ስክሪን ትከሻዬ ይጋርዳት ነበር። መልሼ ሰካኋትና አንድ ገጽ ሳልጨርስ እንባዬ ወረደ፤ ከዓይኔ ሕመም ይሁን ከንዴቴ እንጃ። ጠረጴዛውን እንዳላዞረው ቤቱ ጠባብ ነው። ሰፊውን ባስቀረው ከእንግዲህ የትኛዋ ሴት ገመናዋን ይዛ ትመጣልኛለች? ብመልሰው ደግሞ ይሄ ዓይን እስከ መቼ…

ነጋዴው ነገ ይመጣል። እኔ እዚህ ስለ ስክሪን እጨነቃለሁ። አዴ ዘሃራ ግን አቤቱታዋ ሳያልቅ፣ ዛሬም እዚያው ሰውዬ ቤት ታድራለች።