«ወባ ነው» ያለው ፈንታሁን

ረቡዕ

ድዷ ደማ። ልጄ የሺወርቅ ጥርሷን ስትፍቅ መፋቂያዋ ቀልቶ ወጣ። ከድሬዳዋ በተመለሰች ማግስት ነው ትኩሳቱ የጀመራት። እሁድ ወደ ፈንታሁን መድኃኒት ቤት ወሰድኳት። ደሟ ሳይመረመር «ወባ ነው እትዬ፤ ከቆላ የመጣ ሰው ሌላ ምን ይይዘዋል?» ብሎ የወባ ክኒንና ጠንካራ ማስታገሻ ሰጠን። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ያኔም ጥያቄውን ሳያነብ ነበር የሚመልሰው።

ሐሙስ፣ ሆስፒታል

ደንጊ ነው ተባለ። ቫይረስ ነው፤ የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ትናከሳለች። ሐኪሟ በሽታው በዓለም ዙሪያ እየተስፋፋ ነው አለችኝ። ያ ማስታገሻ ደግሞ መድማቱን ያባብሳል። የሚያስፈራውም ትኩሳቱ ሲበርድ ነው።

አጠገባችን የተኙት ሽማግሌ «ደንጊ? የዳንግላ በሽታ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አጠራራቸውን አረምኩ።

ዓርብ

ትኩሳቷ በረደ። ያስመልሳታል፣ ሆዷን ያማታል። ፈንታሁንን ልክሰሰው? ልስደበው? ሁለቱም አነሱብኝ።

ቅዳሜ፣ ገበያ

እህቴ «ነርሶቹን እያረምሽ አስቸገርሽ፤ እኔ እጠብቃታለሁ» ብላ አስወጣችኝ። በቀጥታ ፈንታሁን ዘንድ ሄጄ ከባንኮኒው ፊት ተቀመጥኩ።

«ምን ልታዘዝ እትዬ?»

«ልጄን የያዛት ደንጊ ነው፤ ሆስፒታል ተኝታለች። አንተ ሥራህን ሥራ።»

አንድ ገበሬ ትኩሳት የያዘውን ልጁን አዝሎ ገባ። ፈንታሁን «ወ...» ሲል ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«...አላውቅም» አለ። «ጤና ጣቢያ ወስደህ ደሙን አስመርምር።»

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። አንዲት ሴት «አላውቅም የሚል ባለመድኃኒት ዛሬ ገና አየሁ!» ስትል አንገቱን ደፋ። ጣፈጠኝ።

ሲዘጋ «ይቅር ይበሉኝ። እንዴት ዋለች?» አለኝ።

«ከዳነች ሰኞ እመጣለሁ። ከሞተች በየቀኑ።»

እሁድ

ድዷ አልደማም። የደም ምርመራው ትንሽ ተሻሽሏል፤ ሐኪሟ ግን ገና እንጠብቅ ትላለች።

ፈንታሁን በሚስቱ እጅ ብርቱካን ላከ። ልመልሰው ስነሳ የሺወርቅ «እማዬ፣ ተጣዪው ከፈለግሽ፤ ብርቱካኑን ግን ስጪኝ» አለች። ከታመመች ወዲህ ምግብ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

አንገፈገፈኝ። ላጥኩላት።